የአስር አለቃው አሜን

ሰው «አሜን» ብሎ እግሩን ሊያጣ ይችላል ቢሉኝ ኖሮ እስቅ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ይሆናል ቢሉኝ ደግሞ እጣላ ነበር። ሁለቱም ሊደርሱ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ነገሩ የሆነው ናይሮቢ ውስጥ ነው፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ።

መጀመሪያ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የምኖረው ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የካርጎ ወረቀት አስጨርሳለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ ነኝ። በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ የሚሰብክ እንግዳ ሲመጣ ከጎኑ ቆሜ ወደ አማርኛ የምመልስለት እኔ ነኝ። ራሴን ማወደስ አይሁንብኝና በዚህ ሥራ ስሜ የታወቀ ነበር። ሰባኪው አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገረ እኔ ሦስት እናገራለሁ። «ግርማ ሰባኪው ቢያስነጥስም አሜን ያሰኘናል» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ የኬንያ ሰባኪ ሰዓት አታከብሩም ብሎ ጉባኤውን አምርሮ ሲቆጣ፣ እኔ «ወንድማችን በትዕግሥት ስለጠበቃችሁት ያመሰግናል» ብዬ አልፌዋለሁ። ሰዉ አጨበጨበ። ሰባኪው ተግሣጹን ስለተቀበሉለት ደስ አለው። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ከሄደ ምን ጠፋ እል ነበር።

ሳራ የምትባል እህት አለችን፣ አብራን የምታመልክ። እሷ በአንድ የጦር ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ናት። ሆስፒታሉ ከአጋር አገሮች የጦር ሆስፒታሎች ጋር በሳተላይት የተያያዘ ነው። ሶማሊያ ውስጥ ድንኳን ተክሎ የሚያክም ሐኪም ከአቅሙ በላይ የሆነ ቁስለኛ ሲገጥመው፣ ራጁንና የቁስሉን ሥዕል ናይሮቢ ላሉት ስፔሻሊስቶች ይልካል። እነሱም በስክሪን በሽተኛውን እያዩ፣ እያነጋገሩ ይመክራሉ። አዲስ አበባ ያለው የጦር ሆስፒታልም እዚሁ መረብ ውስጥ አለ፤ ግን ሁሉም ተራና ሰዓት አለው። ሳራ የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ለሁለት ሳምንት እንድተካት ለመነችኝ። እኔም ከመጋዘኑ ፈቃድ ወሰድኩ።

«ወንድም ግርማ፣ እዚያ ስብከት የለም» አለችኝ። «የተባለውን ብቻ በል። እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ።»

«ምን ነካሽ ሳራ፣ ይህን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አልኳት። ሳቀች። አሁን ሳስበው የምሯን ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ቀን፣ ያን ሐሙስ ጠዋት፣ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ስልኬን ተቀብለውኝ ገባሁ። የምንሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። አንድ ትልቅ ስክሪን፣ ሁለት ማይክሮፎን፣ አራት ወንበር። መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ሳጅን ኪማኒ ይባላል፤ ጡረታ ሊወጣ ወራት የቀሩት፣ ፔርሙዝ ሻዩን ከአጠገቡ የማይለይ ለስላሳ ሰው። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሙቱኩ ደግሞ ረጅም፣ ቀጭንና ቁጥብ ናቸው። ከአስፈላጊው በላይ አንድ ቃል አይወጣቸውም።

ስክሪኑ ሲበራ አንድ ወጣት በአልጋ ላይ ታየ። ከአጠገቡ ከሌላ አጋር አገር ጦር የመጣ ሐኪም ቆሟል። ወጣቱ አስር አለቃ ጌትነት ይባላል፣ ኢትዮጵያዊ ነው። ከሁለት ቀን በፊት የተሳፈረበት መኪና ፈንጂ ረግጦ ነው ወደዚያ የወሰዱት። ቅርቡ ሆስፒታል የሌላ አገር ጦር ስለነበረ እዚያ አደረሱትና ጓደኞቹ ወደ ምድባቸው ተመለሱ። በድንኳኑ ውስጥ አማርኛ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ ሲፈልግ በእጁ፣ ሲያመው በፊቱ ነበር የሚናገረው።

«እንደምን አደርክ ወንድሜ» አልኩት።

ፊቱ እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። ከትራሱ ቀና ሊል ሞከረ። «አማርኛ! ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጋሼ፣ ሀበሻ ነዎት? የት ነው ያሉት?»

«ናይሮቢ ነኝ። ግርማ እባላለሁ።»

«ተመስገን። ተመስገን። ዛሬ ደህና ቀን ነው ማለት ነው» አለ። እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ፤ ደግሞ ይስቃል። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው። አንጀቴን በላው።

ዶክተር ሙቱኩ ራጁን አዩ፣ ከወዲያኛው ሐኪም ጋር በሕክምና ቋንቋ ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ በለው» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «ቀኝ እግርህ ደም አይደርሰውም። ሞቷል። ዛሬ ከጉልበት በላይ ካልቆረጥነው መርዙ ወደ ደምህ ገብቶ ይገድልሃል። ስድስት ሰዓት ላይ ሊቆርጡልህ ተዘጋጅተዋል። ፈቃድህን እንፈልጋለን።»

ሁሉም ቃል ገብቶኛል። አማርኛውም በአፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ቀና ብዬ ስክሪኑን ሳይ ልጁ ፈገግ ብሎ እየጠበቀኝ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ቋንቋውን የሚናገርለት የመጀመሪያ ሰው አግኝቶ፣ ከእኔ አፍ ደግ ነገር ብቻ እንደሚወጣ አምኖ። ከዚያ የእሑዱ ግርማ ነገሩን ተረከበኝ።

«ወንድሜ ጌትነት፣ ዶክተሩ እግርህ ትንሽ ተጎድቷል ይላሉ» አልኩት። «ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ጥሩ ሕክምና ይደረግልሃል። እግዚአብሔር በሐኪሞቹ እጅ ላይ እጁን ያኑር፣ ምሕረቱን ያውርድልህ። አይዞህ።»

«አሜን! አሜን ጋሼ!» አለ፣ በሙሉ ድምፁ።

አሜን በየትኛውም አገር አሜን ነው። ዶክተር ሙቱኩም ሰሙት። ስክሪኑን አዩና «ጠንካራ ልጅ» ብለው ወረቀታቸው ላይ ፈቃዱን እንደሰጠ ጻፉ። ወዲያው ጣሪያው ላይ ዝናቡ ወረደ፤ የናይሮቢ የሚያዝያ ዝናብ እንዴት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሥዕሉ ተቆራረጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ።

ዶክተሩ ወጡ። እኔ ወንበሬ ላይ ተዘርግቼ፣ የምሬን ነው የምላችሁ፣ ሥራዬን አሳምሬ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ኪማኒ ሻይ ቀዳልኝ።

«ያ ልጅ ጀግና ነው» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት በጦር ሆስፒታል ስሠራ ብዙ አይቻለሁ። የሚጮህ አለ፣ የሚሳደብ አለ፣ እናቱን የሚጠራ አለ። እግርህ ይቆረጣል ሲባል ወዲያው አሜን ያለ ሰው ግን አላየሁም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ልጁ አሜን ያለው ለምርቃቱ ነው። እኔ መረቅኩት፣ እሱ እንደተማረው፣ እንደ ማንኛችንም፣ አሜን አለ። ስለ መቆረጥ አንድም ቃል አልሰማም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ሊቆርጡት ነው፣ ሲነቃም አጎንብሶ ያያል።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ካልጻፍኩት የቀረው ዋጋ የለውም። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ልል አስቤ ነበር። እግሩ እንደሆነ የግድ መቆረጥ አለበት። ብነግረውም ባልነግረውም ያው ነው። እንዲያውም ሳይጨነቅ ቢገባ አይሻለውም? በዚህ ሕንፃ ውስጥ አማርኛ የሚያውቅ የለም። ያልኩትን የሚያውቁት እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነን። ሻዩን ይዤ ይህን ሁሉ አሰብኩ።

ያስነሳኝ አባቴ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሲያርፍ ቤተሰቦቼ ሞቱን አሥራ አራት ወር ሙሉ ደብቀውኛል። ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ይደነግጣል ብለው። እኔ ደግሞ በየሁለት ወሩ የደም ግፊት መድኃኒቱን ከዚህ እየገዛሁ በመንገደኛ እልክለት ነበር። እህቴ «ደርሶታል፣ መርቆሃል» ትለኛለች። አሥራ አራት ወር ለሞተ ሰው መድኃኒት ላክሁ፣ ከሞተ ሰውም ምርቃት ተቀበልኩ። ሲነግሩኝ ለአባቴ አለቀስኩ፣ ፋርማሲ ለፋርማሲ ለዞረው ለዚያ ሞኝ ልጁም አለቀስኩ። እህቴ ክፉ ሆና አይደለም፣ ራርታልኝ ነው። ግን እስከ ዛሬ ደውላ «ሁሉም ደህና ነው» ስትለኝ አላምናትም። ጌትነትም ከእንግዲህ በሕይወቱ ሙሉ ሐኪም «ትንሽ ነው» ባለው ቁጥር ምን ሊያስብ እንደሚችል ታየኝ።

ተነስቼ በኮሪደሩ ሮጥኩ። ዶክተር ሙቱኩ ቢሯቸው ውስጥ እየጻፉ ነበር።

«ዶክተር፣ ልጁ እግሩ እንደሚቆረጥ አያውቅም» አልኳቸው።

ብዕሩን አስቀመጡ። «አሜን ብሏል።»

«አሜን ያለው ለሌላ ነገር ነው።»

«አንተ ምን ብለኸው ነው? ያልከውን ሁሉ ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። አንድ ቃል ሳላስቀር፣ ሳላሳምር። እሳቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ።

«ትንሽ ተጎድቷል አልከው» አሉ። «ሚስተር ግርማ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ስትራራ፣ ለእሱ ነው የራራኸው ወይስ ለራስህ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀድመውኝ ወጡ።

ኪማኒ ነገሩን ሲሰማ በዓይኑ እንኳ አልወቀሰኝም። «ዝናቡ እንዲህ እየጣለ ሥዕል አያልፍም» አለ። በስልክ እንዳይደውሉ ካምፑ ያለው በረሃ ነው፣ ከሳተላይቱ በቀር ሌላ መስመር የለውም። «ግን ሥዕሉን አጥፍተን ድምፅ ብቻ ብንልክ፣ ድምፅ ቀላል ስለሆነ ሊሾልክ ይችላል።» ሞከረ። ምንም። ደግሞ ሞከረ፤ ጭርር የሚል ድምፅ ብቻ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይላል። እኔ ቆሜ በልቤ እጸልያለሁ፣ ለሦስት ዓረፍተ ነገር የሚሆን መስመር ብቻ ስጠኝ እያልኩ። ሰዓቱ ስድስት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከወዲያ የሰው ድምፅ መጣ።

«ናይሮቢ፣ እንሰማችኋለን። በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከወገብ በታች አደንዝዘነዋል። እጃችንን እየታጠብን ነው።»

«አቁሙ» አሉ ዶክተር ሙቱኩ። «ፈቃድ የለንም። ድምፅ ማጉያውን ጆሮው አጠገብ አድርጉለት።» ከዚያ ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ገፉት።

«ጌትነት፣ ግርማ ነኝ።»

«ጋሼ! ተመለሱ?» አለ በደስታ። «አሁንማ ሕመሙ እልም ብሎ ጠፋ። ጎበዞች ናቸው ሰዎቹ።»

«ጌትነት፣ ስማኝ። ቅድም ዶክተሩ ያሉትን ደብቄሃለሁ። አሁን ያሉትን እንዳሉት ልነግርህ ነው። ቀኝ እግርህ ደም አይደርሰውም፣ ሞቷል። ከጉልበትህ በላይ መቆረጥ አለበት። ዛሬ ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ደምህ ገብቶ ይገድልሃል። አሁን ያስተኙህ ሊቆርጡት ነው። ቅድም አሜን ስትል የተስማማህ መስሏቸው ነው።»

የልቡን ምት የሚቆጥረው መሣሪያ ጢት ጢት ሲል ይሰማኛል። ከላያችን ዝናቡ አለ።

«ይቆረጣል ነው የሚሉኝ?»

«አዎ።»

«ከጉልበቴ በላይ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቅድም ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈራሁ» አልኩት። «ፊትህን እያየሁ መናገር አቃተኝ።»

«አሁንስ አያዩኝም?»

«አላይህም። ሥዕሉ ጠፍቷል።»

«እንኳን አላዩኝ» አለና ድምፁ ተሰበረ። አለቀሰ። እንደ ሕፃን፣ ሳይደብቅ። አይዞህ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዶክተር ሙቱኩ እጃቸውን ክንዴ ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠበቅነው። አራታችንም፣ የወዲያኛውን ሐኪም ጨምሮ፣ ልጁ እስኪበቃው ድረስ ዝም ብለን ጠበቅነው።

«አዲስ አበባ ቢልኩኝስ?» አለ በመጨረሻ።

የጠየቀውን እንደጠየቀ አቀረብኩት። ዶክተሩ «እስከ ነገ የሚያደርስ ጊዜ ቢኖረው እኔው ራሴ እልከው ነበር፤ የለውም» አሉ። እንዳሉት ነገርኩት።

«እርስዎ ምን ይላሉ ጋሼ?»

ወደ ዶክተሩ ዞሬ የጠየቀኝን ተረጎምኩላቸው። መልስለት አሉኝ በዓይናቸው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም» አልኩት። «ግን እኚህ ሰው እንደ እኔ ነገር የሚያሳምሩ አይደሉም። የማይሆነውን ይሆናል አይሉህም።»

«ልየው» አለ። «ሳላየው አይሆንም።»

የወዲያኛው ሐኪም ትከሻውን ደግፎ ቀና አደረገው፣ ጨርቁንም ገለጠለት። ምን እንዳየ እኔ አላየሁም። የሰማሁት ረጅም ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ጠቁሯል» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሁለት ቀን ተሸፍኖ የእኔ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ደግሞ «እሺ ብሏል ይበሏቸው ጋሼ። አሜን አይበሉ፣ እሺ ብሏል ይበሉልኝ።»

«እሺ ብሏል» አልኳቸው። በሕይወቴ ከተረጎምኩት ሁሉ አጭሩና ከባዱ ይህ ነው።

«ግን እርስዎ እንዳይሄዱ» አለ ጌትነት። «እስኪጨርሱ ያውሩኝ። ዝም ካሉ እፈራለሁ።»

ከስድስት ሰዓት በኋላ መስመሩ የሌላ ሆስፒታል ተራ ነበር። ኪማኒ በራዲዮ ከማን ጋር እንደተነጋገረ አላውቅም፤ ብቻ «መስመሩ የእናንተ ነው፣ ቀጥሉ» አለን። እኔም ማውራት ጀመርኩ። ምን እንደማወራ ግራ ቢገባኝ ስለ ማታቱ ነገርኩት። የናይሮቢ ታክሲ ነው፣ ከውጭ ከእግር ኳስ ተጫዋች ጀምሮ ሁሉ ነገር ተስሎበታል፣ ከውስጥ ሙዚቃው ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየጨፈረ ሂሳብ ይቀበላል አልኩት። አንድ ቀን ዌስትላንድስ ልወርድ ብዬ ብጮህ ብጮህ በሙዚቃው ምክንያት የሚሰማኝ አጥቼ የመጨረሻው ፌርማታ ድረስ ተወስጄ፣ በእግሬ እንደተመለስኩ ነገርኩት። በእግሬ ያልኩት ካመለጠኝ በኋላ ነው የታወቀኝ። ደንግጬ ቆምኩ።

«ይቀጥሉ ጋሼ፣ በእግር መሄድ እኮ አልተከለከለም» አለኝ። ኪማኒ ምን እንዳስለቀሰኝ ጠየቀኝ፤ ልነግረው አልቻልኩም።

እሱም አወራኝ። እናቱ ዱርቤቴ ከተማ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ጫማ ስትገዛለት እስከ ዛሬ አንድ ቁጥር ታስበልጣለች፣ ገና ታድጋለህ እያለች። ወታደር ሆኖ ደመወዝ እየተቀበለም ያው ነው። «ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ጨርቅ እወትፋለሁ» አለና ሳቀ።

በዚህ መሃል አንድ ድምፅ መጣ። ደረቅ፣ የሚፍቅ፣ የሚሄድና የሚመለስ።

«ምንድነው እሱ?» አለ ጌትነት።

ምን እንደሆነ ገብቶኛል። የአልጋ ድምፅ ነው ልለው እችል ነበር። ዶክተር ሙቱኩ እያዩኝ ነው፣ አማርኛ ባይችሉም ምን እንደተጠየቅኩ አውቀዋል።

«መጋዝ ነው» አልኩት። «አጥንቱን እየቆረጡ ነው።»

መጋዙ ሄደ፣ ተመለሰ።

«እሺ» አለ። «ማታቱው ታዲያ መብራት ይይዘዋል ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው?»

ዝም ብሎ ነው የሚሄደው አልኩት። መጋዙ እስኪያቆም ድረስ ስለ ናይሮቢ መንገድ የማውቀውንም የማላውቀውንም አወራሁት።

ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ ቆይቶ፣ የወዲያኛው ሐኪም «ጨርሰናል፣ የልብ ምቱ ጥሩ ነው» አለ።

«ጌትነት፣ አልቋል። የልብ ምትህ ጥሩ ነው ይላሉ።»

«አልቋል?» ድምፁ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። «እርስዎስ ምሳ በልተዋል?»

«አልበላሁም።»

«በቃ ይሂዱ፣ ይብሉ። እኔ ልተኛ ነው» አለኝ። እግሩ ገና ከተቆረጠ ሰዓት ያልሞላው ልጅ ስለ እኔ ምሳ አሰበ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ልቤ አለቀስኩ። ኪማኒ ተከትሎኝ ወጥቶ «ፖሌ፣ ንዱጉ ያንጉ» አለኝ፤ ወንድሜ አይዞህ እንደማለት ነው። በኋላም አጠገቤ ቆመ።

ዶክተር ሙቱኩ ጥፋቴን በሪፖርት ጻፉት፤ አስነብበውም አስፈረሙኝ። በዚያው ያሰናብቱኛል ብዬ ስጠብቅ «ነገ አራት ሰዓት ላይ ሌላ በሽተኛ አለ፣ አትዘግይ» አሉኝ። ሁለቱ ሳምንት አልቆ ሳራ ልጇን ታቅፋ ከተመለሰች በኋላም እሷ ሳይመቻት ሲቀር ይጠሩኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ጨካኝ ሁኑ ለማለት አይደለም የጻፍኩት። ክፉ ወሬ በደፈናው መወርወር እንደማይገባ እኔም አውቃለሁ፤ ጊዜ አለው፣ አነጋገር አለው፣ አጠገብ መሆን አለው። ግን ስንቶቻችን ነን ሰው እንዳይደነግጥ ብለን፣ የራሱን ነገር ከእሱ በቀር ሁሉም እንዲያውቅ ያደረግነው? እኔ ያን ቀን የተማርኩት፣ ሰው እውነቱን ከነገሩት በኋላ ጥለውት ካልሄዱ እንደሚችለው ነው። ስነግረው ማልቀሱ አልቀረም፤ ቢሆንም የተቆረጠው አውቆ፣ አይቶ፣ እሺ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያንም የእንግዳ ሰባኪ ቁጣ ሳልቀንስ እተረጉማለሁ። ያሾፉብኝ የነበሩት አሁን «ግርማ ምን ሆነ፣ ጨከነብን» ይሉኛል።

ከሦስት ወር በኋላ ማታቱ ውስጥ ሆኜ፣ ዌስትላንድስ መንገድ ተዘግቶ፣ ከኢትዮጵያ ተደወለልኝ። ጌትነት ነበር። ስልክ ቁጥሬን በዚያው በሆስፒታሎቹ መረብ በኩል ከሳራ አግኝቶ ነው። አዲስ አበባ በጦር ሆስፒታሉ በምርኩዝ መሄድ እየተለማመደ ነው።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነው» አለኝ። «እናቴ እስካሁን አልሰማችም። ወንድሜ እኔን ትምህርት ላይ ነው ብሏታል። እኔም በደወልኩ ቁጥር ደህና ነኝ እላታለሁ። እርስዎ ይንገሩልኝ፣ ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው።»

«አንተ ለምን አትነግራትም?»

«ፈራሁ» አለኝ።

ከማታቱው ወርጄ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ጌትነት እናቱ እማማ የሺ ጋ ደውሎ ሦስታችንን በአንድ መስመር አገናኘን።

«ሃሎ» አለች የሴት ድምፅ፣ ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ አለ።

«እማማ የሺ፣ ግርማ እባላለሁ፣ ከናይሮቢ ነው የምደውለው። ጌትነት በሕይወት አለ፣ አሁንም መስመሩ ላይ ሆኖ ይሰማናል። ያልነገሩዎት ነገር ስላለ እኔ እንድነግርዎ ለምኖኝ ነው።»

«ልጄን ምን ነካብኝ?»

«ፈንጂ ጎድቶት ቀኝ እግሩ ተቆርጧል። ከጉልበቱ በላይ ነው። ሦስት ወር ሆኖታል።»

ጫጫታው ብቻ ተሰማኝ። የምጨምረው ነገር አፌ ላይ ብዙ ነበር፣ ምንም አልጨመርኩም። አልሄድኩም ግን፤ እንደማዳምጣት ታውቅ ዘንድ «አለሁ እማማ» እላታለሁ ቆየት እያልኩ።

«ግራውስ?» አለችኝ።

«ግራው ሙሉ ነው።»

«ሲቆረጥ አንተ አጠገቡ ነበርክ?»

«ድምፄ ነበረ። እስኪያልቅ አልተለየሁትም።»

በረጅሙ ተነፈሰች። «ጌትነት፣ አለህ?»

«አለሁ እማ።»

«ና ወደ ቤትህ» አለችው። «በአንዱም ቢሆን ና። እኔ አለሁ አይደል?»

ከዚያ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ፣ እያለቀሱም እርስ በርስ ማውራት። የሚተረጎም ነገር ስላልነበረ ስልኬን ዘጋሁ።